ሲፈለግ የሚሰፋው ድንኳን

ክፍሉ ለሙዚየም የተሰጠው ስለማይከራይ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ከመቱ ወደ ጎሬ መውጫ ላይ የነበረው የድሮ የሱቅ ረድፍ በመልሶ ማልማት ፈርሶ ባለ ፎቅ የገበያ ህንፃ ሲሠራ፣ ከታችኛው ወለል ደረጃው ስር አንድ ክፍል ተረፈ። በአንድ በኩል ደረጃው ይጫነዋል፣ በሌላው በኩል መፀዳጃ ቤቱ ይጎራበተዋል። ሞባይል ሻጩም ፀጉር አስተካካዩም አይተውት «አይሆነኝም» ብለው ሄዱ። የነጋዴዎቹ ማህበር ሊቀመንበር የሙዚየሙን ሐሳብ ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ንድፉን ሥሪ የተባልኩት እኔ ነኝ። የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ጅማ የህንፃ ንድፍ ተምሬ፣ ተመልሼ መቱ የተቀጠርኩ። የገበያ ህንፃውን ንድፍ ከሠሩትም አንዷ ነበርኩ። ስለዚህ የድሮውን ረድፍ ባስፈረሰው ወረቀት ላይ የኔም እጅ አለበት። ልብስ ሰፊው አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት በረንዳ ደግሞ የዚያ ረድፍ ጫፍ ነበር። አጥፍቻለሁ አልልም። ግድግዳው በዝናብ ተበልቶ፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ ማገሩ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። ያም ሆኖ ረድፉ በፈረሰ ዕለት አባቴ የስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭኖ ቤቱ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ በዚያ መንገድ አላለፈም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሮ ነበር የሚሄደው። ስለ ህንፃው አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ራሴ ቁጡ ነኝ፣ ቁጣ እችላለሁ፤ ዝምታ ግን ያሳብደኛል።

ክፍል ብቻውን ሙዚየም አይሆንምና ዕቃ ፍለጋ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ግድግዳው ላይ ፎቶ እንድሰቅል ነግሮኝ ነበር፤ የህንፃውን የምርቃት ፎቶ ማለቱ ነው። እሱን ትቼ የእድራችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ረድፉ የራሱ እድር ነበረው፤ ሱቆቹ ፈርሰው እድሩ አልፈረሰም። ዳኛው ድሮ ጨው ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛና ኦሮምኛ ሳይለዩ ነው የሚያወሩት።

«ዕቃ ከሆነ የእድሩ ዕቃ ቤት ሞልቷል» አሉኝ። «ያረጀውን ሁሉ ውሰጂ። ግን በውሰት ነው፣ ኢንተለ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ጋሼ» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«የምን የሰው? አንቺም አባል ነሽ።»

በውሰት ያሉት ለቀልድ መስሎኝ እሺ ብዬ ተሸከምኩ። ትልልቁን የብረት ድስት፣ ዘመኑን የጨረሰውን አግዳሚ ወንበር፣ ጡሩንባውን ወሰድኩ። ከየቤቱም ሰው የማር ቅል፣ የቡና ሚዛን፣ የአንዱን ሱቅ ተጣጣፊ የእንጨት መዝጊያ አመጣልኝ። ከዕቃ ቤቱ ጥግ፣ ከአግዳሚዎቹ ስር፣ ተጠቅልሎ የታሰረ ሸራ አገኘሁ። ሳልፈታው አወቅሁት። አባቴ የሰፋው የለቅሶ ድንኳን ነበር።

ድንኳኑን የሰፋው እኔ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። አገራችን ክልል መባል ከጀመረ ገና ብዙ አልቆየም። ያን ጊዜ እድሩ ድንኳን ስላልነበረው ሰው ሲሞት ዳስ ይጣላል፣ ላዩ ላይ ከሾፌሮች የተዋሱት የመኪና ሸራ ይዘረጋል። የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ለለቀስተኛ አያዝንም። ሰዉ እያለቀሰ ተነስቶ በየሱቁ ደጅ ይጠለላል፤ ለሟች ሊያለቅስ የመጣው ለጫማው ያለቅሳል። ነጋዴዎቹ ተዋጥተው ሸራ ገዙና አባቴ ያለ ዋጋ ሰፋው። ሸራው ለአንድ ሰው ይከብዳል። አባቴ መኪናውን ሲረግጥ እናቴ ማዶ ትቀመጥና ሸራውን ጭኗ ላይ ሰብስባ በልኩ በልኩ ትለቅለታለች። እኔ ከተዘረጋው ሸራ ስር ገብቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ከስር ሆኜ የመኪናውን ድምፅና የሁለቱን ወሬ እሰማለሁ፤ ስለ ክርና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር የሚያወሩት። ስፌቱ ያለቀው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ድንኳኑ መጀመሪያ የተተከለው ለእናቴ ነው።

ይህን ለሊቀመንበሩ አልነገርኩትም። እኔ ያየሁት ንድፉን ነበር። የክፍሉ ትልቁ ጣጣ ጣሪያው ነው፤ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ተጋድሞ የሚወርደውን የደረጃውን ሆድ ነው። ድንኳኑን ከላይ ወጥሬ ብሰቅለው ያ ሁሉ ይሸፈናል፤ የሚገባም ሰው እንደ ድሮው ከድንኳን ስር ይገባል። ወረቀቱ ላይ ሳየው ደስ አለኝ፣ በሙያዬም ኮራሁ። ችግሩ ድንኳኑ የክፍሉን እጥፍ መሆኑ ነው። ብናጥፈው ይረግብና እንደ አሮጌ ፍራሽ ይንጠለጠላል። መሃሉን ቆርጦ ማውጣት ነበረብኝ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ድንኳኑን ልቆርጠው ነው» አልኩት። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።

«የቱን ድንኳን?»

«አንተ የሰፋኸውን።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። ለሙዚየሙ ጣሪያ ላደርገው ነው።»

መነጽሩን አወለቀና በጋቢው ጫፍ ጠረገው። «አይቆረጥም» አለኝ።

«እድሩ እኮ አዲስ ገዝቷል። ይሄኛውን ለአይጥ ነው የተዉት።»

«አዲሱ የሰርግ ነው። ሰማያዊና ነጭ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እናትሽ በተለቀሰላት ድንኳን ስር ነው ለኔም የሚለቀሰው። ለዳኛው ነግሬያቸዋለሁ። አንቺ ቆርጠሽ ጣሪያ ካደረግሽው ለኔ ምን ሊተክሉልኝ ነው?»

«ስለ ሞት ለምን ታወራለህ!» ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤት ሳይቀር ሰማ። ተነስቼ ወጣሁ፣ የአጥሩንም በር ወርውሬ ዘጋሁት። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ፍርሃት መሆኑ የገባኝ ግን መንገድ ላይ ነው። አባቴ የሚሞት ሰው መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሠራተኞቹ ክፍሉን ቀለም ሲቀቡ አባቴ ከህንፃው ፊት ለፊት ቆሞ አየሁት። በረንዳው የነበረበትን ቦታ ፈለገው መሰለኝ፣ መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካ። ቦታው ላይ አሁን የጫማ ሱቅ ነው። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። ስለ ህንፃዬ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ንጣፉ ያዳልጣል» የሚል ነበር። እውነቱን ነው፣ ያዳልጣል።

ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣ። «የተሰፋ ነገር ይተረተራል እንጂ አይቆረጥም። ሸራውን አውርጂልኝ» አለ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መተርተር ጀመረ። የገዛ ስፌቱን መፍታት የሱን ያህል የሚከብደው ሰው አላየሁም። ድርብ አድርጎ ነበር የሰፋው። ከድርቡ ስር ደግሞ ሌላ አለ። ዓይኑ ደክሟል፣ እጁም እንደ ድሮው አይታዘዝም። ላግዝህ ስለው «አንቺ ትቀድጂዋለሽ» ይለኛል። ቀን ቀን እየመጣ ተረተረ፤ እኔም ቀለሙ ደርቆ ሥራው ቢቆምብኝም ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴ ብርቅ ነው። ሲጨርስ የወጣውን የመሃል ሸራ አጣጥፎ በገመድ አሰረና ከመደርደሪያዬ አናት ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ እዚሁ ይቀመጥ። ሲፈለግ ይሰፋል።»

«ማን ይሰፋዋል?»

«አንቺ ነሻ።»

«አባዬ፣ እኔ መስፋት መች እችላለሁ?»

«እንግዲያ ተማሪ» አለ። ልጅ ሳለሁ መኪናው ላይ ሊያስቀምጠኝ ስንት ጊዜ ሞክሯል። እኔ ግን እርሳስ ነበር የምወደው፤ እሱም እርሳሱን ገዝቶልኛል። አሁንም እሺ አልኩት እንጂ አልተማርኩም። ሥራ ነበረብኝ።

ክፍሉ ተከፈተ። በሩ ላይ ስሙ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጻፈ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ዕቃዎቹን ከመስታወት ጀርባ አድርጌ መስታወቱን ግድግዳው ላይ በቡሎን አስሬዋለሁ። ማንም እንዳይነካቸው ብዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ድሮ በረድፉ ላይ ቅቤ ይሸጡ የነበሩ ሴትዮ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው መጡና መስታወቱ ፊት ቆሙ።

«ድስቱን ልወስድ ነበር» አሉኝ። «የባለቤቴ ሙት ዓመት ደርሷል።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው። አንዴ የገባ አይወጣም።»

«የገባ አይወጣም? መቃብር ነው እንዴ?»

ዳኛውን አስጠራሁ። ዳኛው ዘንጋቸውን ይዘው መጡ፤ መስታወቱንም ሴትዮዋንም አዩ። «በውሰት ነው ብዬሽ አልነበረም?» አሉኝ ብቻ። እየተነጫነጭኩ ቡሎኑን ፈታሁ። ድስቱ ተመልሶ ሲመጣ በአመድ ተፈትጎ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። እኔ ጥላሸቱን ለታሪክ ብዬ ሳይነካ ያቆየሁት ነው! ሴትዮዋ ግን የተዋሱትን ዕቃ ቆሻሻ አድርገው አይመልሱም። አባቴ ይህን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። መስታወቱን ሁሉ አስነቅዬ በሚከፈት መዝጊያ አስቀየርኩት። ዕቃ የወጣ እንደሆነ በቦታው «ለለቅሶ ሄዷል» ወይም «ለሰርግ ሄዷል» የሚል ካርቶን አስቀምጣለሁ። ከኡካ ከተማ የመጣ አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን ባዶው መደርደሪያ ፊት አቁሞ ሲያስረዳቸው ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ክፍሉን ወደደው። ጠዋት ይመጣና አግዳሚው ላይ፣ ከራሱ ድንኳን ስር ይቀመጣል። ሰው ይገባል፣ ሰላም ይለዋል፣ ጋሼ ይህ ምንድነው ይለዋል፤ እሱም የሚያውቀውን ይነግራል፣ የማያውቀውንም አይተውም። አንድ ጊዜ ሚዛኑን ለእንግዶች የንጉሥ ነበር ብሎ ሲናገር ደረስኩበት። አፍጥጬ ሳየው ጥቅሻ ጣለልኝ። ደስተኛ ነበርን። ያ ጊዜ አጭር መሆኑን ባውቅ ኖሮ መስፋቱን አስተምረኝ እለው ነበር።

ነሐሴ ላይ ደረቱን አመመው። ጥቂት ተኝቶ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ አረፈ። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ብረት ሲጋጭ ሰምቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። የእድሩ ሰዎች ሰማያዊና ነጩን ድንኳን እየተከሉ ነው።

«አቁሙ!» አልኩ። «ይሄ የሰርግ ነው። የሱን አምጡልኝ።»

ሰዎቹ ዳኛውን አዩ። ዳኛው ወደኔ ቀረብ ብለው በለሆሳስ «መሃሉ ተተርትሯል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አውቃለሁ። እሰፋዋለሁ።»

ሄደው ከክፍሉ ጣሪያ አወረዱት፣ የታሰረውንም የመሃል ሸራ አመጡ። እኔ የአባቴን መኪና ከመኝታ ቤቱ አስወጥቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ የተነሱብኝ። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ሰው ያገለግለዋል። ያባቷ አስከሬን ቤት ውስጥ ተጋድሞ ልጅ የስፌት መኪና ስትረግጥ ማን አይቶ ያውቃል? «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» አለች አንዷ። «ሐዘን አዙሯት ነው» አለች ሌላዋ። ከገበያው የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ክንዴን ይዞ «እህቴ፣ እኔ ልስፋልሽ፣ ላንቺ ነውር ነው» አለኝ። ደግ ሰው ነው። ግን አባቴ አንቺ ነሻ ያለው እኔን ነው።

«ተዉአት» አሉ ዳኛው። «የአባቷ ቃል ነው።»

ልብስ ሰፊው ክሩን አስገባልኝና ፈቀቅ አለ። እኔ ረገጥኩ። ሸራው እየከበደ ወደ ማዶ ይንሸራተታል፣ መርፌውን ይጎትታል። አንድ መርፌ ተሰበረ፣ ሌላ ተተካ። ስፌቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ሄደ፤ ላቤና ንፍጤ ተቀላቀለ፣ እንባ ግን አልመጣም። እንደገና ሸራው አምልጦ ሊወርድ ሲል ቀለል አለልኝ። ቀና አልኩ። ድስቱን የተዋሱት ቅቤ ሻጭ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሸራውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው፣ በልኩ በልኩ እየለቀቁልኝ ነው። እናቴ ትቀመጥ እንደነበረው። ማንም አላዘዛቸውም። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ጫፍ ጫፉን ያዙ።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ቆሞ ጠበቀን። ለቀስተኛው ገብቶ ከመቀመጡ ዝናቡ ወረደ። የአባቴ ስፌት አንድ ጠብታ አላሳለፈም። የኔን ግን ዝናቡ ወዲያው አገኘው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንጠባጠብ ጀመረ፣ አብዛኛውም ዳኛው ላይ። ዳኛው ወንበራቸውን ትንሽ ሳብ አደረጉና ባዶ ቦታው ላይ ሳፋ አስቀመጡ።

«ጀባዱ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፣ በርቺ ሲሉ ነው። ቀጥለውም ጣሪያውን አንጋጠው አዩና «አባትሽ ይሄን ቢያይ ግን ያስተረትርሽ ነበር» አሉ። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ሰዎችም ሳቁ፤ ሳፋው ውስጥ ውሃው ይንጠባጠባል።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ድንኳኑን ፀሐይ ሲወጣ አድርቀን ወደ ክፍሉ መለስነው። ጣሪያ ሆኖ እንዲገጥም መሃሉ እንደገና መውጣት አለበት። የአባቴን ምላጭ ይዤ እሱ በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቀን የሚፈጅ መስሎኝ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። የስፌቱን ጫፍ ፈልጌ ክሩን ሳብ አደረግኩት። መጣ። የታችኛውን ክር ሳላጠብቀው ኖሮ የላዩ ሳይያያዝ እንዲያው ተጋድሟል። እየሳብኩ ሄድኩ፣ ሁሉም ተከትሎ መጣ፤ ምላጭም አላስፈለገው። አባቴ ደካማ ዓይኑን እያሸ ቀናት ሙሉ የታገለበትን ሥራ እኔ በአንድ እጄ ጨረስኩት። እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ክሩን እፍኝ ሙሉ ይዤ፣ ከራሴ በላይ ሰዎች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በደረጃው ሲወጡና ሲወርዱ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ናፈቀኝ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ናፈቀኝ።

በዚያ ሳምንት ዳኛው መጡ። ድንኳኑ በቦታው ተሰቅሏል፣ የመሃሉ ሸራም ከመደርደሪያው አናት ላይ ታስሮ ተቀምጧል። ዘንጋቸውን ተደግፈው ዙሪያውን አዩና አንዱን ባዶ ጥግ አመለከቱኝ።

«የአባትሽን መኪና እዚህ ብታስቀምጪውስ? ለዓይን ያምራል። በውሰትም ቢሆን።»

«አይሆንም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እየተማርኩበት ነው።»

ቀና ብለው ድንኳኑን አዩት። ከዚያ የታሰረውን ሸራ አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«እንግዲያው ቶሎ ተማሪ» አሉኝ።